መኪና፣ ምጣድ ወይስ ባትሪ? መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው የምርጫ መመሪያ

ሰሞኑን ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ ያው ነው። ነዳጅ ጨመረ። መብራት ጨመረ። እገሌ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እገሊት ከሰል ተወችና ኢንዳክሽን የሚባለውን የመብራት ምድጃ ገዛች። ከዚያ ሁሉም መካሪ ይሆናል። አንዱ «እስከመቼ ታክሲ ትጋፋለህ?» ይላል። ሌላው «መብራት በሚጠፋበት አገር በመብራት የሚሄድ መኪና!» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ግን ማንም የጠያቂውን ቤት አይቶ አይደለም የሚመክረው።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ መሀል፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ ወይም ሰንጋ ተራ ለሚኖር ሰው ነው። በኪራይም፣ በኮንዶሚኒየምም፣ በቤተሰብ ግቢም ቢሆን። ከተማው ዳር ያለው የአያትና የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ ወደኋላ አነሳዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መኪናም ሆነ ምድጃ ወይም የመጠባበቂያ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪያችሁን እዩ። ዛሬ ሦስቱም በአብዛኛው የሚሠሩት ከሱ በሚመጣው መብራት ነው። ሰው ግን መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛና ቆጣሪው ትዝ የሚለው ቤቱ ሲጨልም ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪው

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ቆጣሪው የማን ነው? መሀል ከተማ ውስጥ ብዙ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ የለውም። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሒሳቡ ሲመጣ «አንቺ ምጣድ አለሽ፣ አንተ ፍሪጅ አለህ» እየተባለ ይከፋፈላል። ይህ ነገር ድሮ ብዙም አይጎዳም ነበር። አሁን ግን ይጎዳል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ ነው። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው የመብራት መጠን) የማያልፍ ቤት ትንሹን ዋጋ ይከፍላል፤ ከ500 በላይ የሚጠቀም ትልቁን። በጋራ ቆጣሪ ላይ አምስት ቆጣቢ ቤተሰብ ተደምሮ እንደ አንድ አባካኝ ይቆጠራል። የራስ ቆጣሪ ማስገባት የሚቻል ከሆነ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ በፊት ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሽቦው ነው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ያን ያህል ጭነት ለሁለት ሰዓት ስትጭኑበት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይሞቃል። የምጣዳችሁን ስፒና ነቅላችሁ እዩት። ጥርሱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ወደ ቡናማ ሄዶ፣ ሶኬቱም ጠርዙ ቀልጦ ከሆነ ቤታችሁ እየነገራችሁ ነው። መድኃኒቱ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ለብቻው ከብሬከር መሳብና የራሱን ብሬከር መስጠት ነው። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ግን በጭራሽ አይሞከርም።

መኪና ያስፈልጋችኋል ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይወደኝም። መሀል ከተማ እየኖረ እዚያው መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው፣ መኪና አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ቀስ ብሎ ለሚሄድም ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ከካዛንቺስ መስቀል አደባባይም እንደዚያው። የኮሪደር ልማቱ ላይ የየራሳችን አስተያየት አለን፤ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው የሚለው አለው። የእግረኛ መንገዱ መስፋቱን ግን እግር ያለው ሁሉ አይቶታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በእግሩ የሄደ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የመብራቱን ቀይ የሚያየውን ጎረቤቱን ቀድሞት የሚደርስበት ቀን ጥቂት አይደለም። ከዚያ ደግሞ ባለመኪናው ማቆሚያ ፍለጋ ሁለት ዙር ይዞራል።

ባቡሩስ? ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመዋል፤ ስለዚህ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መጋፋቱ እንዳለ ነው። ሆኖም ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱ፣ እዚያ መሀል የሚኖር ሰው ወደ ቃሊቲም፣ ወደ አያትም፣ ወደ ጦር ኃይሎችም ሳይቀይር ይሄዳል። ቤት ሲከራዩ ይህን የሚያስቡ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። እኔ ብሆን ከጣቢያ አጠገብ ላለ ቤት ትንሽ ጨምሬ እከፍላለሁ።

ከዚያ ሚኒባስ አለ፣ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ አለ፣ ሲዘንብና ሲመሽ ደግሞ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ራይድና ፈረስ አሉ። «የራይድ ሒሳብ እኮ አይቻልም!» ትሉኛላችሁ። ዝናብ ሲጥል ዋጋው እንደሚሰቀል አውቃለሁ። ግን አንድ ወር ሙሉ የከፈላችሁትን ደምሩና ከመኪና ወጪ ጋር አስተያዩት። ሰው መኪናን ሲያሰላ ነዳጅ ብቻ ነው የሚቆጥረው። የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ቦሎ አለ። ጎማ አለ። የማቆሚያ፣ የእጥበት፣ «ጋሼ ጠብቄልሃለሁ» ለሚል ልጅ የሚሰጠው አለ። በዚያ ላይ መኪናው የተገዛበት ገንዘብ ራሱ ታስሮ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክርክር የሚመጣው፣ «መኪና እኮ ባንክ ነው» የሚለው። ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ጊዜ ገንዘቡን በብር ያስቀመጠ ተጎዳ፤ ቶዮታ ቪትዝ በር ላይ ያቆመ ተረፈ። ስለዚህ ሰው መኪና የሚገዛው ለመሄድ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ እንዳይቀልጥበትም ነው። ይህን አልነቅፍም። ግን ለገንዘብ ማስቀመጫ የተገዛ መኪና በየቀኑ ሲነዳ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲቆም ደግሞ ባትሪና ጎማው ይበላሻል። የትኛውን እንደፈለጋችሁ ለራሳችሁ ለይታችሁ ንገሩ።

መኪና የግድ የሚሆንበት ቤት አለ። መራመድ የማይችል አባት ወይም እናት ያለበት፣ ሁለት ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ያሉበት፣ ሥራው ዕቃ ማመላለስ የሆነ ሰው። አያትና ቱሉ ዲምቱ ሆኖ በየቀኑ መሀል ከተማ የሚመላለስም እዚህ ውስጥ ይገባል። ለእነዚህ የሚቀጥለው ክፍል ይጠቅማል።

የነዳጅ ወይስ የኤሌክትሪክ?

አዲስ ለሚገባ መኪና ምርጫው በአብዛኛው አልቋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. ከልክሏል። ስለዚህ ንጽጽሩ እዚሁ ባለ ያገለገለ የነዳጅ መኪናና በኤሌክትሪክ መኪና መካከል ነው።

የጉዞ ወጪው ላይ ክርክር የለም። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና 80 ሊትር ይፈልጋል። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር አልፏል። ሊትሩን በ100 ብቻ ብንይዘው እንኳ 8,000 ብር ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው ርቀት 150 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ታሪፉ እየጨመረ ነው ብላችሁ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር ብታስቡት 1,500 ብር ነው። ዘይት መቀየር የለም፣ ካንዴላ የለም።

አንድ የማይነሳ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት በአንደኛ ማርሽ የወጣ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ዳገቱም አይከብደውም። ቁልቁል ሲመጣ ደግሞ ከፍሬኑ መልሶ ባትሪውን ይሞላል።

እና ሁሉም ለምን አይገዛም? መልሱ ያው ቆጣሪው ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ብዙ ጊዜ 2 ኪሎዋት ይሰጣል። 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘውን የቢዋይዲ ሲገል (ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና) ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን ሰምተው የሚደነግጡ አሉ። ግን ማን ነው በየቀኑ ባዶ የሚያደርገው? በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢሰካ ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የ7 ኪሎዋት ቻርጀር ፈጣን ነው፤ እሱ ግን ብቻውን 32 አምፔር ይፈልጋል። ምጣድ በተሰካበት ሰዓት እሱም ከተሰካ ወደ 50 አምፔር ይጠጋል፤ የብዙ ቤት ዋና ብሬከር ይህን አይችልም።

የግቢ ቤት ያለው ሰው በኤሌክትሪሺያን ይፈታዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አራተኛ ፎቅ እየኖራችሁ መኪናው ምድር ላይ ነው የሚያድረው። ከሳሎን መስኮት ገመድ ቁልቁል መልቀቅ ለልጆችም ለዝናብም አደጋ ነው፤ የኮሚቴ ስብሰባም ይጠራባችኋል። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግራችሁ ከራሳችሁ ቆጣሪ እስከ ማቆሚያው በቱቦ የሚወርድ መስመር ማስፈቀድ ካልቻላችሁ፣ ኤሌክትሪክ መኪና አትግዙ። ከተማው ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያዎች እየተከፈቱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ከፍቷል። ለድንገተኛ ጊዜ ጥሩ ናቸው። በየሳምንቱ እዚያ ወረፋ ይዞ መኖር ግን ከነዳጅ ሰልፍ ምን ይለያል?

አሁን ወደ ቡና ወሬው።

«መብራት ከጠፋ ቆመህ ትቀራለህ።» አይደለም። የሲገል ትልቁ ባትሪ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ያ መለኪያ ለጋስ ነው፤ ሩቡን ቀንሱለት። 300 ቀረ። በቀን 30 ለሚነዳ ሰው መብራት ሳምንት ቢጠፋ እንኳ አይቆምም።

«ባትሪው ካለቀ መኪናው አለቀ።» ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ባትሪው የመኪናው ውዱ ክፍል ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን እዚህ የሚመጡት ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የፋብሪካው ዋስትና ድንበር ተሻግሮ ላይከተላችሁ ይችላል። ስለዚህ «ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ ማን እንደሚሰጠው፣ ለስንት ዓመትና የት ጋራዥ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በአፍ የተባለውን አትመኑ። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ምን ያህል ጤና እንደቀረው በኮምፒውተር አስነብቡ። ስክሪኑን ከፍታችሁ ቋንቋው ይቀየር እንደሆነ እዩ፤ በቻይንኛ ብቻ የቀረ መኪና ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲመጣ ማንበብ አትችሉም። የቻርጅ መሰኪያውም የቻይናው ዓይነት ከሆነ፣ ሰፈራችሁ ያለው ቻርጅ ማድረጊያ ይቀበለው እንደሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ሞክሩ።

«ሲሸጥ ዋጋ አያወጣም።» እዚህ ላይ ወሬኞቹ የተሻለ ነጥብ አላቸው። በየዓመቱ ባትሪው የበለጠ አዲስ ሞዴል ስለሚመጣ አሮጌው ይረክሳል። መኪናን እንደ ባንክ ለሚያይ ሰው የድሮው ቶዮታ ይሻለዋል። ለመንዳት ለሚፈልግ ግን ኤሌክትሪኩ።

የነዳጅ መኪና ያላችሁና በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የምታስነሱት ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ ያዙት። እሱን ሸጦ፣ ብድር ጨምሮ ኤሌክትሪክ መግዛት ነዳጅ ያተርፋል፤ ወለዱ ግን ትርፉን ይበላዋል።

ማእድ ቤት

የምጣዱ ምርጫ ሁለት ነው፦ መጋገር ወይም መግዛት። ሁለት ሰዓት የተጋገረበት ምጣድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ትንሹ ኤሌክትሪክ መኪና ያን ይዞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሄድበታል። ብዙው የሚባክነው ደግሞ ሸክላው እስኪግል ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ለብቻው ወይም ለሁለት የሚኖር ሰው ግን ሰፈር ውስጥ ካለች ጋጋሪ ቢገዛ ይሻለዋል። ጤፉን፣ ሊጡን፣ ጊዜውንና መብራቱን ደምሩት። «እንጀራ ተገዝቶ ይበላል ወይ?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ለእነሱ መልስ የለኝም።

ለወጥና ለሻይ ያለው ምርጫ ሰፋ ይላል። ተራው ሽቦ ያለው ምድጃ ርካሽ ነው፣ ማንኛውንም ድስት ይቀበላል፣ ሙቀቱ ግን በጎን ይበተናል። ኢንዳክሽን ፈጣን ነው፣ ብክነቱም ያነሰ ነው። ጉዱ ያለው ድስቱ ላይ ነው። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። ከመርካቶ የተገዛው የአልሙኒየም ድስት አይሠራበትም። የሽሮው የሸክላ ድስት አይሠራበትም። ጀበና ጭራሽ። ሱቅ ስትሄዱ የፍሪጅ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙና የድስቱ ቂጥ ላይ ለጥፉት፤ ካልያዘ ይቅርባችሁ። ማእድ ቤቱን ሙሉ ድስት መቀየር ካለባችሁ የኢንዳክሽኑ ዋጋ ያ ሁሉ ተጨምሮበት ነው መታሰብ ያለበት።

የሲሊንደር ጋዝ መብራት ሲጠፋ ይደርሳል፤ ችግሩ የሚሞላበት ቦታ ሁሌ አለመገኘቱ ነው። ዋና ምድጃ ሳይሆን ተጠባባቂ አድርጉት። ከሰል ለቡና ይሁን፤ ጀበናን ማንም አይነካብኝም። ነገር ግን በር ተዘግቶ በከሰል ማብሰልና ማሞቅ ሰው ይገድላል። ጭሱ የማይታይ ከሰልም ይገድላል፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

ከሁሉም የምመክረው ርካሽ ዕቃ ግን ፕሬሸር ኩከር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሽምብራና ሥጋ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ታፍኖ ሲበስል ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ ያልፋል፣ ሰዓቱም በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚቆጥበው መብራትም ምድጃ ከመቀየር አያንስም።

መብራት ሲሄድ

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የሚገዛው ባትሪ ቤቱን ሙሉ የሚያሠራለት ሲመስለው ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊትየም ባትሪ ምጣድ ላይ ቢውል አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቆያል፤ አንድ እንጀራ ጋግሮ ሌላው ሳይደገም ያልቃል። ያው ባትሪ ለአራት ኤልኢዲ አምፖል፣ ለዋይፋይና ለአንድ ቴሌቪዥን ቢሰጥ ግን ስምንት ሰዓት ያህል ይሄዳል። የሚያስፈልጋችሁ የትኛው ነው?

በሥራው ምክንያት ኢንተርኔት እንዳይቋረጥበት ብቻ የሚፈልግ ሰው ያንን ሁሉ ገንዘብ አያወጣም። ለዋይፋይ ሳጥን ብቻ የሚሆኑ እጅ የሚያህሉ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የዋይፋዩን ቻርጀር ገልብጣችሁ 9 ቮልት ወይስ 12 ቮልት እንደሚል አንብቡ። የተራ ነዳጅ መኪና ባትሪ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ዕቃ) ማሠራትም የተለመደ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይረክሳል፣ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል። ሶላር ደግሞ ጣሪያው የራሳችሁ ካልሆነ ብዙም አያዋጣም፤ በክረምትም ደመናው ይሰስትባችኋል።

ፍሪጅን በተመለከተ ባትሪ ሳይሆን መከላከያ ነው የሚሻለው። ሞተሩን የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልት ነው። መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ከጥገናው በብዙ ይረክሳል።

ኤሌክትሪክ መኪና ለገዛ ቤት ግን ይህ ክፍል ሊለወጥ ይችላል። አንዳንድ ሞዴሎች በአስማሚ 220 ቮልት ወደ ውጭ ይሰጣሉ። 39 ኪሎዋት ሰዓት በር ላይ ቆሞ ካደረ ለመብራት፣ ለፍሪጅና ለዋይፋይ ሌላ ባትሪ አያስፈልግም። የመኪናውን መስመር ከቤቱ ሶኬት ጋር ማያያዝ ግን አይሞከርም፤ መብራት ድንገት ሲመጣ መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላል። ዕቃዎቹ ከአስማሚው በቀጥታ ይሰኩ። ሻጩ «ይሰጣል» ሲላችሁ አስማሚውን ያምጣና የሻይ ማፍያ ሰክቶ ፊታችሁ ያፍላ። አስማሚው ከመኪናው ጋር ካልመጣ ደግሞ ዋጋው ከመኪናው ላይ ይቀነስ።